አባጨጓሬ ጠልተን ቢራቢሮ ስንናፍቅ

አያቴ ማታ ኩራዝ ለኩሳ መሶቡን ስታቀርብ መጀመሪያ የምትከድነው ወጡን ነበር። «ክደኑት፣ የእሳት ራት ይገባበታል» ትላለች። የእኛ የልጆቹ ዓይን ግን ከኩራዙ ላይ አይነቀልም። አመድማው፣ ቡናማው፣ እንደ ገለባ የነጣው ትንሽ ክንፍ ሁሉ ነበልባሏን ይዞራል፤ በጭቃ ምርጉ ላይ ከራሱ አሥር እጥፍ የሚገዝፍ ጥላ ይጥላል፤ በመጨረሻም ትስስ ብሎ ይወድቃል። ጠዋት ቤት ስትጠርግ ከኩራዙ ሥር ክንፍ በእፍኝ ታፍስ ነበር።

ጊዜው የ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ አገሩ እስቴ፣ መንደሩ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ወደ ሰሜን ቀና ቢሉ ጉና ደመናውን ተከናንቦ ይታያል፤ ወደ ደቡብ መሬቱ እየተሰበረ ዓባይ በረሃ ይገባል። በእኛ መንደር መብራት ማለት ኩራዝ ነው፤ ትንሽ ደህና የሆነ ሰው ቤት ደግሞ ፋኖስ። ቀን የምትበረውን አበው ቢራቢሮ አሏት፤ ስሙን ሲጠሩት ራሱ የሚበር ይመስላል። የሌሊቷን እህቷን ግን በአሟሟቷ ጠሯት፤ የእሳት ራት።

ዛሬ ሃምሳን ተሻግሬያለሁ። በዘመነ ጽጌ እናቴን ልጠይቅ ስሄድ ማታ ማታ በረንዳው ላይ አምፖሉን አብርቼ እቀመጣለሁ። ሁለት ሦስት ትመጣለች፤ አንዳንድ ማታ ያቺም የለችም። ልጅነት ሁሉን ያበዛል ብዬ ራሴን ብጠራጠርም፣ የአያቴ መጥረጊያና እፍኟ አይዋሹኝም። ያ ሁሉ ክንፍ የት ገባ? ጫካው ተጨፍጭፎ ነው እንዳልል የደብሩ አጸድ እንደቆመ ነው፤ ጥዱም አለ፣ ወይራውም አለ። ለዓመታት የከነከነኝ ይኸው ነው። ዛፉ ሳይቆረጥ ክንፉ ለምን አለቀ?

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባሉት ቅዳሜዎች አያቴ ነጠላዋን አጣፍታ ለማኅሌተ ጽጌ ትነሣለች፤ እኔም ጋቢ ተጠቅልዬ እከተላታለሁ። ካህናቱ በጸናጽልና በመቋሚያ ሲያነጉ እኔ ደጀ ሰላሙ ሥር እንቅልፍ ይጥለኛል፤ ንጋት ላይ ብርዱ ይቀሰቅሰኛል። ሣሩ ጠል አዝሏል፤ አደይ አበባው አንገቱን ደፍቷል፤ በየአበባው ላይ ክንፏን ገጥማ ያደረች ቢራቢሮ አለች። የደጋ ብርድ አደንዝዟት መብረር አትችልም። እንደ አጋም ፍሬ ልትለቅማት ትችላለህ። ጣትህ ላይ ስታስቀምጣት እግሯ ሲቆነጥጥህ ይታወቅሃል እንጂ አትሸሽም። ጸሐይ ከጥዱ ጫፍ ወርዳ ሣሩን ስትነካው ክንፏን ትዘረጋለች፤ ትሞቃለች፤ ጥቂት ትንቀጠቀጥና ሳታስበው ትነሣለች። ያኔ በአጸዱ ዙሪያ ሁሉ ቢጫው፣ ነጩ፣ ቀዩ አንድ ላይ ይነሣል። ሴቶቹ ከማኅሌት ሲወጡ በዚያ መካከል ያልፋሉ፤ ማንም ቀና ብሎ አያይም። የነበረ፣ ያለና የሚኖር ነገር መስሎን ነበር።

ጣቴ ላይ የክንፏ ብናኝ ሲቀር አያቴ «ዓይንህን እንዳትነካ፣ ያሳውራል» ትለኝ ነበር። አያሳውርም። ብናኙ እንደ ዓሣ ቅርፊት፣ እንደ ቤት ጣሪያ ቆርቆሮ እየተደራረበ የተነጠፈ ረቂቅ ቅርፊት ነው፤ ቀለሙ ያለው እሱ ላይ ነው። ከብት ስናጠጣም ወንዙ ዳር፣ ከብቱ በሸናበት እርጥብ አሸዋ ላይ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ክንፋቸውን እንደ መጽሐፍ አጥፈው ይሰፍሩ ነበር። ሮጠን መካከላቸው ስንገባ ፊታችንን በክንፋቸው ይመቱናል። ኋላ ነው የሚፈልጉት ጨው መሆኑን የተረዳሁት። ጨው ከሚልሰው በሬ ምንም አይለዩም፤ አበባ ውስጥ የማይገኘውን ጨው ከአፈር ይልሳሉ።

ጓሯችን ውስጥ አንድ ሎሚ ነበር። ቅጠሉ ላይ አንዳንዴ የወፍ ኩስ የመሰለ፣ ቡናማና ነጭ የተዥጎረጎረ ትንሽ ነገር ይታያል። በእንጨት ስትነካው ይንቀሳቀሳል። ከሳምንት በኋላ ያው ፍጥረት የሎሚ ቅጠል መስሎ አረንጓዴ ሆኖ፣ የትንሽ ጣት አክሎ ታገኘዋለህ። አሁን ስትነካው ከራሱ ጀርባ ሁለት ብርቱካንማ ቀንድ ያወጣብሃል፤ የተበላሸ ሎሚ የመሰለ ክፉ ሽታ ይሸትሃል። እናቴ አመድ ትነሰንስበታለች፤ ካልሆነም በእንጨት አውርዳ ለዶሮ ትጥለዋለች። እኛም እናግዛታለን። አባጨጓሬ ነዋ! አባጨጓሬ ደግሞ ይለበልባል፣ ይበላል፣ ያስጠላል።

ስድስተኛ ክፍል ስደርስ የሳይንስ መምህራችን አንዱን ከነቅርንጫፉ በካርቶን አስገብተን በወንፊት እንድንከድነው አዘዘን። አንድ ቀን መብላቱን ተወ፤ ወገቡን በአንዲት ክር ከእንጨቱ አስሮ ደረቀ። ሞተ ብለን ልንጥለው ስንል «ቆዩ» አለን። ከሁለት ሳምንት ግድም በኋላ ጠዋት ክፍል ስንገባ ካርቶኑ ውስጥ ጥቁር ክንፏ ላይ ቢጫ ጠብታ የተረጨባት፣ የኋላ ክንፏ ላይ ሰማያዊና ቀይ ዓይን ያላት ትልቅ ቢራቢሮ ክንፏን ታደርቅ ነበር። መስከረም ላይ ከአደይ አበባ የምንለቅማት፣ የምንወዳት ቢራቢሮ ነበረች። በሳይንስ ስሟ ፓፒሊዮ ዲሞዶከስ ትባላለች። ያን ቀን ለዶሮ የጣልኳቸውን ለመቁጠር ሞክሬ ቁጥሩ ጠፋኝ።

ከዚያ በኋላ አጥራችንን በሌላ ዓይን አየሁት። የያኔ አጥር ሽቦና ቆርቆሮ አልነበረም፤ ሰንሰል ነው፣ ቀጋ ነው፣ አጋም ነው፣ በመካከሉ ሳማና እንዶድ። እያንዳንዱ ተክል የራሱ ደንበኛ አለው። ቢራቢሮ ያገኘችው አበባ ላይ ትጠጣለች፤ እንቁላሏን ስትጥል ግን ልጇ ሊበላው የሚችለውን ቅጠል በእግሯ እየቀመሰች ትመርጣለች። ያ ቅጠል ከሌለ ዙሪያው አበባ ቢሆን አይረባትም።

ሳማን ውሰዱት። እኛን ለብልቦ የሚያስለቅሰን ሳማና ዘመዶቹ ሳይንሱ ቫኔሳ አቢሲኒካ ብሎ በአገራችን ስም ለሰየማት ቡናማና ብርቱካንማ ቢራቢሮ ልጆቿን የምታሳድግባቸው ቤቶች ናቸው። የዚሁ ወገን የሆነችው ቫኔሳ ካርዱዪ ደግሞ ኮሸሽላና ልት ላይ ትወልዳለች። ይህቺ ከአውሮፓ ተነሥታ ሰሐራን አቋርጣ አፍሪካ የምትደርስ፣ ልጆቿና የልጅ ልጆቿ ደግሞ መልሰው የሚሻገሩ መንገደኛ ናት። አራሽ «እሾህ» ብሎ በገጀራ የሚመታት ኮሸሽላ ለእሷ የመንገድ ማረፊያ ናት።

ልምጭንም አስታውሳለሁ። የኔታ አርጩሜያቸውን የሚያስቆርጡን ከአጸዱ ጠርዝ ከሚበቅለው ልምጭ ነበር፤ ጥርሳቸውን የሚፍቁትም በእሱው ነው። ቅጠሉን ሲያሹት የሚሸተው ሽታ ያለ ነገር አይደለም፤ ልምጭ ከሎሚ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ሎሚ በየጓሮው ሳይተከል የዚያች የጥቁርና ቢጫዋ ቢራቢሮ ልጆች የሚያድጉት በእሱና በዘመዶቹ ላይ ነበር። ጭራ ያላት ሐመር ቢጫዋ ፓፒሊዮ ዳርዳነስም እዚያው ናት። በአፍሪካ በብዙው ክፍል የዚህች ቢራቢሮ ሴቷ ወንዱን አትመስልም፤ ጭራዋን ጥላ ወፍ የማይደፍራቸውን መርዛሞች መልክ ተውሳ ትኖራለች። በኢትዮጵያ ደጋ ያለችው ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ወንዱ ቢጫ ናት፤ ጭራዋንም አልጣለችም። ሊቃውንቱ የአገራችንን ወገን በጣሊያናዊው ተጓዥ በኦራዚዮ አንቲኖሪ ስም ጠርተውታል፤ ሰውዬው በ1882 እ.ኤ.አ. ሸዋ ውስጥ የሞተ ነው። የኔታ በዚያ አርጩሜ ሲገርፉኝ የአገሬን ቢራቢሮ ቀለብ እያባከኑ መሆኑን አላወቁም፤ እኔም ማልቀሴ ለሌላ ነበር።

አንድ ዓመት አጎቴ ሞጣ ሲወርድ ይዞኝ ሄደ። ዓባይን የምንሻገረው በሰባራ ድልድይ ነው። አፄ ፋሲል አሠሩት የሚባለው ድልድይ በጣሊያን ጊዜ ከተሰበረ ወዲህ ሰው በገመድ እየተጎተተ ነበር የሚሻገረው። እኔ ተራዬን እየፈራሁ ስጠብቅ በረሃው ላይ የቆመ ቶብያ አየሁ፤ ዙሪያውን ብርቱካንማ ቢራቢሮዎች ዝግ ብለው፣ ምንም ሳይፈሩ ይንሳፈፋሉ። አጎቴ «የሷን ወተት ዓይንህን እንዳያገኝህ» አለኝ ቶብያውን እያሳየኝ። የቢራቢሮዋም ድፍረት ከዚያ ወተት ነው። ልጅ ሆና የበላችውን መርዝ በሰውነቷ ታስቀረዋለች፤ አንዴ የቀመሳት ወፍ አይደግማትም። ድልድዩ ኋላ ተጠግኗል፤ የገመዱ ዘመን በማለፉ የሚያዝን የለም። ሁሉም የሄደ ነገር አይናፈቅም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የብሳናው እንግዳ ነበር። ክረምት ሲገባ ብሳና ላይ ጥቁር፣ በነጫጭ እሾህ የታጠረ፣ የአውራ ጣት የሚያህል አባጨጓሬ ይሰፍራል። ልጆች በወንጭፍ እናወርደው ነበር። አንድ ማታ የዚያው አባጨጓሬ ጎልማሳ፣ ከመዳፌ የሰፋች የእሳት ራት በበሩ ገባች፤ የኋላ ክንፏ ላይ ሁለት ትልልቅ ዓይን። ኩራዙን በክንፏ ንፋስ ልታጠፋው ደረሰች። አያቴ አማተበችና እጇን ከነበልባሉ ፊት ጋረደች፤ «እንግዳ ናት፣ አትንኳት» አለች። ጠዋት ከምሰሶው ላይ ተለጥፋ ስናገኛት ሳትነካት አውጥታ ጥላ ውስጥ አስቀመጠቻት። የዚህ ወገን የእሳት ራቶች ጎልማሳ ሆነው ሲወጡ የሚበሉበት አፍ እንደሌላቸው ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው። አባጨጓሬ ሳሉ በበሉት ስንቅ ጥቂት ቀን ይኖራሉ፤ ተጓዳኝ ይፈልጋሉ፤ ይወልዳሉ፤ ይሞታሉ። የእሳት ራት የምንላት፣ ራሷ ራት የማትበላ ናት።

ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አልጠፋም፤ አንድ ጥፋተኛም የለውም። እያንዳንዱ እርምጃ ምክንያት ነበረው፤ አብዛኛውም ጥሩ ምክንያት ነበር።

በ1980ዎቹ አባቴ የአጥሩን ሰንሰል ነቅሎ ባሕር ዛፍ ተከለ። አላጠፋም። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር ከገባ ወዲህ የማገዶውን ጭንቅ ያቃለለ፣ ቤት ያቆመ፣ ለደሃ ገበሬ ባንክ የሆነ ዛፍ ነው። እኔ ደብረ ታቦር ሄጄ ሁለተኛ ደረጃ የተማርኩት በዚያ አጠና ዋጋ ነው። አበባውን ንብ ትወደዋለች፤ ቢራቢሮም ትጠጣለታለች። ቅጠሉን ግን የእኛ አገር አባጨጓሬ ብዙም አይበላውም። ሰንሰል፣ ቀጋ፣ ሳማ በነበረበት ለምለም ነገር ቆሟል፤ ለቢራቢሮ ግን መጠጥ ቤት እንጂ መኖሪያ አይደለም።

ጣሊያኖች በ1938 እ.ኤ.አ. ከአውሮፕላን ያነሷቸው ፎቶግራፎች አሉ። ተመራማሪዎች እነዚያን ከቅርብ ጊዜ የሳተላይት ምስል ጋር ሲያስተያዩ፣ የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች እንደሚወራው እየጠበቡ ብቻ እንዳልሄዱ፣ ብዙዎቹ ስፋታቸውን እንደጠበቁ፣ አንዳንዶቹም በባሕር ዛፍ ጭምር እንደሰፉ አገኙ። የጠፋው በዙሪያቸው የነበረው ቁጥቋጦ ነው። ያን ጊዜ ደኑ በቁጥቋጦ ቀስ እያለ ወደ ግጦሽና ወደ እርሻ ይወርድ ነበር፤ ዛሬ እርሻው ከዛፉ ግንድ ላይ ይቆማል። ይህን ሳነብ የራሴ ጥያቄ መልስ አገኘ። እኛ ልጆች ቢራቢሮ የለቀምነው ከጥዱ ሥር አልነበረም፤ ከዳሩ ነበር። ታቦቱ ዛፉን ጠበቀው። ዳሩን የሚጠብቅ ግን ማንም አልነበረም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ሲሆን የቤተ ክርስቲያኒቱም መሬት አብሮ ሄደ፤ የቀራት ቅጥሯ ነው። ሕዝቡ በዛ፣ መሬቱ ጠበበ፣ ሞፈሩ ዳሩን በላ። ሌላ የሚበላው አልነበረም።

የእኔ ድርሻ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ግብርና ተምሬ ለዓመታት በባለሙያነት ሠርቻለሁ። ገበሬውን ሰብስቤ «አረም ጠላታችሁ ነው» ያልኩት እኔ ነኝ። ቱፎርዲ የምንለውን ፀረ አረም እንዴት እንደሚለካ፣ በጀርባ መርጫ እንዴት እንደሚረጭ ያሳየሁ እኔ ነኝ። መድኃኒቱ ብልህ ነው፤ ጤፉን፣ ስንዴውን፣ ገብሱን ይተዋል፤ ቅጠለ ሰፊውን ይገድላል። ቅጠለ ሰፊ የምንለው ግን ማን ነበር? ልቱ ነው፣ ኮሸሽላው ነው፣ በማሳው ዳር የሚወጣው አደይ አበባ ነው። ሴቶች ለቀናት አጎንብሰው በእጃቸው ያርሙት የነበረ ማሳ በግማሽ ቀን ሲያልቅ አይቻለሁ፤ የወገባቸውን ሕመም አውቃለሁና ዛሬም ተመለሱበት አልልም። ነገር ግን ያኔ አንድም ቀን «ማሳውን እርጩ፣ ድንበሩን ተዉ» አላልኩም። ድንበሩ ላይ ማን እንደሚኖር አውቅ ነበር፤ ስድስተኛ ክፍል ተምሬዋለሁ። አልተናገርኩም። ለወባ የመጣው ዲዲቲ ጭምር በየገበያው ይሸጥ እንደነበር የማያውቅ የዘመኔ ሰው የለም።

ምፀቱ እዚህ ላይ ነው፤ የእሳት ራት ሁሉ አልጠፋችም። በየካቲት 2009 ዓ.ም. ከወደ ደቡብ የአሜሪካ ተምች ገባ ተባለ፤ ብዙም ሳይቆይ የእኛ አካባቢ በቆሎ ላይ ደረሰ። ተምቹ ትል ሆኖ የሚታየው የሕይወቱ ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ አመድማ የእሳት ራት ናት፤ በአንድ ሌሊት ብዙ ትበራለች፤ አንዷ ከሺህ በላይ እንቁላል ትጥላለች። ገበሬው ከነቤተሰቡ ማሳ ገብቶ ትሉን ከበቆሎው እምብርት በጣቱ እየለቀመ ሲጨፈልቅ ከርሟል። እኛ አጥሩን ስናጸዳ አንዱን ቅጠል ብቻ መርጠው የሚበሉት ሄዱ፤ ሁሉን የሚበላው መጣ። ቀድሞ የትል አዳኝ የነበሩት ተርብና ወፍ፣ ሸረሪትና ጉንዳንም የሚጠለሉት እዚያው አጥር ውስጥ ነበር።

ከዚያ መብራት ገባ። ማንም መብራት አይጠላም፤ ኩራዝ የሰው ሳንባ ያጠቆረ ነገር ነው። ግን የመንገዱ አምፖል ሥር የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የእሳት ራት እንደ ገለባ ይከመር ነበር፤ ጠዋት ዶሮና ድመት ይለቅሙታል። አበው እሳቱን ትወደዋለች፣ ሄዳ ራቱ ትሆናለች ብለው ስም አወጡላት። በጥር 2016 ዓ.ም. የወጣ ጥናት ሌላ ይላል። ተመራማሪዎቹ በፈጣን ካሜራ ሲቀርጿቸው፣ የእሳት ራትና መሰሎቿ ወደ መብራቱ አይሄዱም፤ ጀርባቸውን ይሰጡታል። ለሚሊዮን ዓመታት በሌሊት ከምድር ይልቅ የሚበራው ሰማይ ነበር፤ በራሪዋ ጀርባዋን ወደ ብርሃኑ አድርጋ ነው ሚዛኗን የምትጠብቀው። አምፖሉን ሰማይ ትለዋለች። ጀርባዋን ልትሰጠው ስትዞር፣ ስትዞር፣ መውጫው ይጠፋታል። አያቴ እጇን ነበልባሉ ፊት የጋረደችው ለካ ያለቦታው የበራውን ሰማይ ኖሯል።

ችግሩ የእስቴ ብቻ አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. ከጀርመን የወጣ አንድ ጥናት በ63 ጥብቅ የተፈጥሮ ቦታዎች ውስጥ ለ27 ዓመታት በወጥመድ የተያዙትን በራሪ ነፍሳት ሲመዝን ክብደታቸው ከ75 በመቶ በላይ መቀነሱን አሳይቷል። እነዚያ ቦታዎች ሕግ የሚጠብቃቸው ናቸው። በብዛት የተከበቡት ግን በእርሻ ነው። ለእኛ መንደር ጥብቅ ቦታ ማለት አጸዱ ነው፤ ሕጉም ታቦቱ ነው። አጥር የከለልከውን ነገር ከሰው እጅ ያድነዋል፤ ከዙሪያው ግን አይለየውም።

ስለ አጸዱ ሲነሣ የዶክተር ዓለማየሁ ዋሴን ስም ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። በ2007 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድስ ዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባጠናቀቀው የዶክትሬት ሥራው በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ዞሮ 168 ዓይነት እንጨታማ ተክል መዝግቧል። ከብት በተከለከለበት ቦታ ችግኝ እንደሚነሣ በሙከራ አሳይቷል። ኋላም ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ከካህናቱ ጋር በመምከር እንደ ዣራና ደብረ ሰና ያሉ ደብሮች በድንጋይ ግንብ እንዲከበቡ አድርገዋል። ድንጋዩ ከሩቅ የመጣ አይደለም፤ ገበሬው ከማሳው የለቀመው ነው። ማሳው ተጠረገ፣ አጸዱ ታጠረ፤ ሁለቱም አተረፉ።

የእኛ ደብርም ግንብ አለው። ባለፈው ዘመነ ጽጌ ስሄድ ዞርኩት። ውስጡ በልጅነቴ ያላየሁት ነገር አለ፤ የጥድና የወይራ ችግኝ እንደ ሣር ተነሥቷል። ልቤ ሞቀ። ግንቡ ግን የተሠራው ከትልልቆቹ ዛፎች ግንድ ሥር ነው፤ ልምጩ፣ ቀጋውና አጋሙ የነበረበት ዳር ውጭ ቀርቶ ታርሷል። አንድ የማውቃቸውን ቄስ ጠየቅኋቸው። «ግንቡን ስናወጣ እህል እንዳይነካ ብለን ነው፤ የገበሬው ድርሻ ነው» አሉኝ። ልክ ናቸው። ቀጥለውም «ልምጭ ፈልገህ ነው? ለጥርስ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ለጥርስ አይደለም ብል ለምን እንደሆነ ማስረዳት ይኖርብኝ ነበር፤ «አዎ አባ» አልኩ። ከግንቡ ውስጥ፣ ከአንድ ጥድ ሥር አንዲት ለጋ ልምጭ አሳዩኝ። ሁለት ቅጠሏ ተበልቷል። ጎንበስ ብዬ ገልብጬ አየሁ፤ የበላው ግን ሄዷል።

ቤት ስገባ እናቴ ጓሮ ውስጥ ቆማለች። የልጅነቴ ሎሚ ከደረቀ ቆይቷል፤ እሷ በምትኩ የተከለችው ከእኔ ቁመት አልፏል። በአንድ እጇ የአመድ ጣሳ ይዛለች። ቅጠሉ ላይ አራት ናቸው፤ ሦስቱ ገና የወፍ ኩስ የመሰሉ፣ አንዱ አረንጓዴ። በጣቴ ነካሁት። ሁለቱን ብርቱካንማ ቀንዶች አወጣ፤ ያ ሽታ መጣ። አርባ ዓመት ሙሉ አልተለወጠም።

«እማዬ ተይው» አልኳት።

«ሎሚዬን ይጨርሰው?»

«ቅጠል ነው፤ ተመልሶ ያወጣል።»

ጣሳዋን ይዛ ትክ ብላ አየችኝ። «በማሳው ላይ ሲሆን እንዲህ አላልክም ነበር» አለችኝ። «ጀርባህ ላይ አዝለህ ስትረጭ፣ ‹እማዬ ዞር በዪ ሽታው ይጎዳሻል› ነበር የምትለኝ።»

የምመልሰው አልነበረኝም። እሷም መልስ አልጠበቀችም። አመዱን ጎመኗ ሥር ነሰነሰችና ጣሳውን ወገቧ ላይ ደገፍ አድርጋ፣ ገበያ ላይ ዋጋ ስትቆርጥ በምትናገርበት ድምፅ ጨረሰችው።

«ይህቺን ሎሚ ላንተ ትቼልሃለሁ። ጎመኑን ግን አልተውልህም።»